ከመጠምጠም መማር ይቅደም

(ስለ አንድ የተበጠሰ የማይክሮፎን ገመድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ቦታ ቆመው የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትልልቅ ጉዳዮች አስረድተውናል። አንዱ ስለ ሕግ፣ ሌላይቱ ስለ ሕዝብ ጤና፣ ሦስተኛውም ስለ ዓለም ኤኮኖሚ ነግረውናል። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ይኸው በእጄ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ገመድ ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ምናልባት አይታያችሁ ይሆናል፤ ቢታያችሁም የሚያስደንቅ መልክ የለውም። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ክብ የብረት ስፒና፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ማይክሮፎን አለው። ይህን ገመድ የሠራነው እኛው ነን። እንዴት እንደ ሠራነው፣ ከመሥራታችንም በፊት ምን ያህል እንደ ተሳሳትን እነግራችሁ ዘንድ ፈቃዳችሁ ይሁን።

በመጀመሪያ አማተር ራዲዮ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጽ። አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ከሩቅ ሰው ጋር ለመገናኘት ሲሉ የሚሠሩበት ራዲዮ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የጥሪ ምልክት አለው፤ የምልክቱም መነሻ አገሩን ያስታውቃል። በ1865 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ መቀመጫውም በጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኢትዮጵያ ከመደባቸው መነሻዎች አንዱ «ኢ.ቲ.» የሚለው ነው። ስለዚህ በጃፓን ወይም በብራዚል ሌሊት ነቅቶ የሚያዳምጥ አንድ አማተር «ኤኮ ታንጎ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ የሚናገረው ሰው በኢትዮጵያ ምድር እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ከመካከላችሁ «በኪሳችን ስልክ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ ስልካችን የሚሠራው ምሰሶው እስከ ቆመና መብራቱ እስካለ ድረስ ነው። በታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተነሣው ታላቅ ማዕበል የአንዳማን ደሴቶችን በመታ ጊዜ የስልክ መሥመር ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ለራዲዮ ሥራ ወደ ደሴቶቹ ሄደው የነበሩ የሕንድ አማተሮች የሰዎችን መልእክት ወደ ዋናው ምድር አስተላለፉ። ዛሬም በዓለም ያሉ አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲሆኑ ከተስማሙባቸው ቦታዎች መካከል 14.300 ሜጋሄርዝ የሚባለው አለ። እንግዲህ ራዲዮ ጨዋታም ትምህርትም ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ታዲያ ያ ሁሉ ራዲዮ፣ ያ ሁሉ አንቴና፣ የሰውን ድምፅ የሚቀበለው በዚህ በቀጭኑ ገመድ በኩል ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ቀሪው ሁሉ ዕቃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን ልግባ። እኔ ያለሁበት አነስተኛ የራዲዮ ክበብ ያለው ራዲዮ አንድ ነው፤ ማይክሮፎኑም አንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራው የአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን ነበር። በክበቡ ውስጥ ከገባች ገና ሁለተኛ ወርዋ ነው። ማይክሮፎኑን አንሥታ የጥሪ ምልክታችንን ሁለት ጊዜ ጠራች። በሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። የመናገሪያውን አዝራር ደጋግማ ተጫነች፤ የማስተላለፊያው ቀይ መብራት ይበራል፤ የኃይል መለኪያው መርፌ ግን ንቅንቅ አይልም። ዞር ብላ አየችን። እኛም አየናት።

በዚያች ቅጽበት ማንም አልተናገረም፤ ነገር ግን የሁላችንም አሳብ አንድ ነበር። በማግሥቱ አሳቡ ቃል ሆነ። «ጀማሪዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ባይነኩ መልካም ነው» አለ አንዱ። ሌላው «ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት ቁጭ ብለው ያዳምጡ» አለ። ይህን እንደ ደንብ ጽፈን በግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተስማማን። ጽሑፉን ያረቀቀው ማን ነበር ብትሉኝ፣ እኔ ነበርሁ። ይህንን የምናገረው ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ማይክሮፎኑን ለመጠገን ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ናስትሮ ጠመጠምንበት። ገመዱ ከማይክሮፎኑ ሥር የተጎዳ ስለ መሰለን እዚያው ላይ አጥብቀን ጠመጠምን። እውነትም በዚያን ምሽት ሠራ! እጅግ ደስ አለን። በማግሥቱ ግን እንደገና ዝም አለ። አሁን እንደ ተረዳሁት፣ ናስትሮው የተበጠሰውን አልጠገነም፤ የተበጠሱትን ጫፎች ለጊዜው አጋጥሞ ያዛቸው እንጂ። ያባቶቻችን ተረት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል። ተረቱ የተነገረው ሳይማር ለሚጠመጥም ሰው ነው፤ ስለ ናስትሮ አልነበረም። ነገር ግን ለኛ ከዚህ የተሻለ ስብከት አልተገኘም።

ሁለተኛው አሳባችን ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። አንድ ወዳጃችን ከሌላ ፋብሪካ የወጣ ማይክሮፎን ነበረው። ስፒናው ክብ፣ ቀዳዳዎቹ ስምንት፣ ሰባቱ ዙሪያውን አንዱ መሀል፤ ከኛው ጋር በመልክ አይለይም። ገፋ ስናደርገውም ገጠመ። «እነሆ ተገኘ!» ብለን ራዲዮውን ልንከፍት ስንል ያቺው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣

«ቁጥሮቹን አይታችኋቸዋል?» አለች።

«የምን ቁጥር?» አልናት።

«የስምንቱ እግሮች። መጽሐፉ ላይ እያንዳንዱ ሥራው ተጽፏል። የዚህኛውም እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እናንተ ታውቁ እንደ ሆነ ብዬ ነው» አለች።

አናውቅም ነበር። አፍረን ራዲዮውን ሳንከፍት የሁለቱንም መመሪያ መጽሐፍ ፈለግን። ያገኘነውንም ልንገራችሁ፤ ራዲዮ ለሚይዝ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ባለ ስምንት እግሩ ክብ ስፒና በሦስቱ ታዋቂ የጃፓን ራዲዮዎች ላይ ይገኛል፤ በአይኮም፣ በኬንዉድና በያሱ። መልኩ አንድ ነው፤ የእግሮቹ ሥራ ግን የተለያየ ነው። በአይኮም ሥርዓት ድምፁ የሚገባው በ1 ቁጥር ነው፤ 2 ቁጥር ከራዲዮው የሚወጣ 8 ቮልት ነው፤ 3 ቁጥር ጣቢያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቀይረው አዝራር ነው፤ 5 የመናገሪያው አዝራር ነው፤ 6 የአዝራሩ መመለሻ፣ 7 ደግሞ የድምፁ መመለሻ ነው። በኬንዉድ ሥርዓት ድምፁ እንደዚያው 1፣ መመለሻውም 7 ነው፤ የመናገሪያው አዝራር ግን 2 ቁጥር ነው። በያሱ ደግሞ ድምፁ ያለው 8 ቁጥር ላይ ሲሆን አዝራሩ 6 ነው።

ልብ በሉ! የኬንዉድን ማይክሮፎን በአይኮም ራዲዮ ላይ የሰካ ሰው የድምፁ እግሮች ስለሚገጥሙለት ሁሉም የተስተካከለ ይመስለዋል። የመናገሪያውን አዝራር ሲጫን ግን የሚነካው ያንን 8 ቮልት ያለበትን እግር ነው፤ ኃይሉንም ወደማይገባው መንገድ ይሰደዋል። ያ 8 ቮልት የተዘጋጀው ለጥቂት ሺኛ አምፔር ነው፤ አለቦታው ከዋለ የራዲዮውን ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መግጠም ማለት መስማማት ማለት አይደለም። ያዳነችን ራዲዮውን አበላሽታለች ብለን የጠረጠርናት ልጅ ነበረች።

ከዚህ በኋላ በሥርዓት መሥራት ጀመርን። ነገሩን ቀስ ብለን ስናስበው ራዲዮው ራሱ በመጀመሪያው ቀን በሽታውን ነግሮን ነበር፤ አልሰማነውም እንጂ። ቀዩ መብራት ሲበራ የአዝራሩ ሽቦ ደኅና ነው ማለት ነው። የኃይል መለኪያው አለመነሣቱ ደግሞ ድምፁ አለመድረሱን ያመለክታል፤ እኛ በምንጠቀምበት የአስተላለፍ ዘዴ ሰው ካልተናገረ ኃይል አይወጣምና። እንግዲህ የተበጠሰው የድምፁ ሽቦ ወይም መመለሻው ነው። ይህን በቴስተር ለማረጋገጥ የፈጀብን አምስት ደቂቃ ነው። አንደኛውን የቴስተር እግር በስፒናው 1 ቁጥር፣ ሁለተኛውን በማይክሮፎኑ ውስጥ በድምፁ ሽቦ ጫፍ አድርገን ገመዱን ስናጥፈው ቁጥሩ ይታያል፤ ስንለቀው ይጠፋል።

ከዚያም ገመዱን በምላጭ ሰንጥቀን ከፈትነው። በውስጡ ያየሁትን አልረሳውም። ሽቦው የተበጠሰው ያን ቅዳሜ አልነበረም። ከብዙዎቹ የመዳብ ክሮች አብዛኞቹ ጫፋቸው ጠቁሮ አርጅቷል፤ ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ በአንድ ሲበጠሱ የኖሩ ናቸው። አዲስ የተበጠሰ፣ ገና የሚያብረቀርቅ ጫፍ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ክር ብቻ ነበር። የተሰበረውም ገመዱ ወደ ማይክሮፎኑ ከሚገባበት አንገት ላይ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ ቀና ብለን በግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየነው። ማይክሮፎኑን ሥራ ስንጨርስ በገመዱ አንጠልጥለን የምንሰቅለው በዚያ ምስማር ላይ ነው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በገመዱ አንገት ላይ ያንጠለጠልነው እኛ ነባሮቹ ነን፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክሮች በእጅዋ ላይ የተበጠሱባት ግን እርሷ ነበረች።

ያረቀቅሁትን ደንብ ቀደድሁት። እኅታችንንም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም፣ «እኔም ራሴ ሰበርሁት ብዬ አምኜ ነበር፤ ከክበቡ ልወጣ ነበር» አለችኝ። እነሆ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያ ገመድ ይህንንም ሊያስከፍለን ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ገመዱን መተካት አለብን። ከውጭ ይታዘዝ የሚል አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ገመድ ሲባል የውጭ ምንዛሪ መጠየቅና ወራት መጠበቅ ለተማሪ የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ «ገመዱ ምን ምን ያስፈልገዋል?» ብለን ጠየቅን። ስሙን ትተን ሥራውን ስናስብ መንገዱ ተከፈተ።

የኛ ማይክሮፎን የሚጠቀመው አምስት እግሮችን ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 6 እና 7። ከነዚህ ውስጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው የድምፁ ሽቦ ነው። ከማይክሮፎን የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው፤ የቮልት ሺኛዎች ብቻ ነው። በአንጻሩ በዚያው ክፍል ውስጥ 100 ዋት የሚያስተላልፍ ራዲዮ አለ፤ በግድግዳውም ውስጥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ የመብራት ኃይል ያልፋል። የድምፁ ሽቦ ራቁቱን ከሄደ እነዚህን ሁሉ ይለቅማል፤ የሚሰማንም ሰው ከንግግራችን ጋር የንብ መንጋ ይሰማል። ስለዚህ የድምፁ ሽቦ ዙሪያውን በመዳብ ጥልፍ ወይም በቀጭን የብረት ወረቀት መሸፈን አለበት። ይህን መጋረጃ እንበለው። ቀሪዎቹ ሽቦዎች ተራ ሽቦ ቢሆኑ ይበቃቸዋል።

የመጀመሪያው ሙከራችን የኮምፒውተር መረብ ገመድ ነበር። ስምንት ሽቦ በአራት ጥንድ ተጠማዝዞ ይገኝበታል፤ ቀለሙም የተለየ ስለ ሆነ ለመለየት ይመቻል። ከግድግዳ ሥራ የተረፈ ቁራጭ አግኝተን ሠራንበት። ሁለት ስሕተት ነበረበት። አንደኛ፣ ያ ዐይነቱ ገመድ መጋረጃ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ለግድግዳ የሚሆነው ገመድ ሽቦው አንድ ወጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ እንዲቀመጥ እንጂ በየቀኑ እንዲታጠፍ አልተሠራም። የአጥር ሽቦ አሥር ጊዜ ብታጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የኛውም በሦስተኛው ሳምንት ተሰበረ። በየቀኑ ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚሆነው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ሽቦ ነው።

ያን ጊዜ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድን። በአዲስ አበባ አሮጌ ነገር አዲስ ነገር የሚሆንበት፣ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ጫማ የሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያ አንድ አረጋዊ ነጋዴ በጆንያ ሙሉ የተቆላለፈ ገመድ ይዘው ተቀምጠዋል። የምንፈልገውን ስንነግራቸው፣

«ልጆቼ፣ ገመድማ ሞልቷል። ውስጡን የሚያውቅ ነው የጠፋው» አሉን።

«አባባ፣ ቆርጠን ውስጡን እንይ?» አልናቸው።

«ከፍላችሁ ቁረጡ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ጆንያ የመረጥነው የአሮጌ ኮምፒውተር ማሳያ ገመድ ነው፤ ሰማያዊ ባለ 15 እግር መሰኪያ ያለው፣ ቪ.ጂ.ኤ. የሚባለው። አዲሶቹ ማሳያዎች በሌላ ገመድ ስለሚሠሩ ይኸኛው በየቢሮው ሲጣል ይታያል። ውስጡን ስንከፍተው ግን ለማይክሮፎን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ሲባል ሦስት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መጋረጃ አላቸው፤ በጎናቸው ደግሞ ተራ ሽቦዎች ይገኛሉ፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚሸፍን ውጭኛ መጋረጃም አለ። ሽቦዎቹ ከቀጫጭን ክሮች የተሠሩ ናቸው። በገመዱ ጫፍ አካባቢ ያ እንደ እብጠት ያለው ጥቁር ነገር ደግሞ ፌራይት ነው፤ በገመዱ ላይ ሾልኮ የሚመጣውን የራዲዮ ኃይል ያዳክማል። ይህም ሳንጠይቅ የተሰጠን ምርቃት ነው። ርካሾቹ ገመዶች ሽቦ ስለሚጎድላቸው ግን ከመግዛት በፊት ጫፉን ቆርጦ ማየት ይገባል። ጉድለቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ደረቅ ስለ ሆነ እንደ ፋብሪካው ገመድ አይጠቀለልም።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልናገር። የሚጽፍ ይጻፍ።

መጀመሪያ፣ ከመቁረጥ በፊት በወረቀት ላይ ሥዕል ይሣላል። የእግሩ ቁጥር፣ የሽቦው ቀለም፣ የሚሠራው ሥራ በሦስት ዐምድ ይጻፋል። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የራዲዮውን ፊት እያዩ የተሣለ ሥዕል የስፒናውን ፊት ሲያዩ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ስለዚህ ዐይንን ከማመን በስፒናው ላይ ከየእግሩ አጠገብ የተቀረጹትን ጥቃቅን ቁጥሮች መከተል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የስፒናው ክዳን አስቀድሞ በገመዱ ላይ ይገባል። ይህን የምለው ሳላስገባ ስለ በየድኩ ነው። አምስቱንም ሽቦ አሳምሬ በይጄ ስጨርስ ክዳኑ በጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ጀመርሁ።

ሦስተኛ፣ የቀዩ ሽቦ ውስጠኛው ክር በ1 ቁጥር፣ የራሱ መጋረጃ በ7 ቁጥር ይበየዳል። ከተራዎቹ ሽቦዎች አንዱ በ5፣ አንዱ በ6፣ አንዱ በ3 ይበየዳል። ውጭኛው መጋረጃ በራዲዮው በኩል ብቻ ከስፒናው የብረት አካል ጋር ይገናኛል። ካውያው በደንብ መጋል አለበት፤ ሽቦውና እግሩ ከሞቁ በኋላ የብየዳው እርሳስ ራሱ ይፈስሳል። እርሳሱን በካውያው ጫፍ ተሸክሞ እንደ ጭቃ መለጠፍ ግን ብየዳ አይደለም። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቀድሞ ካልገባ ጎረቤት ከጎረቤት ይነካካል።

አራተኛ፣ የገመዱ ልብስ በስፒናው ውስጥ ባለው መቆንጠጫ ይታሰራል፤ በማይክሮፎኑም በኩል እንዲሁ ይደረጋል። ሲጎተት ጉልበቱን የሚሸከመው የውጭ ልብሱ እንጂ ብየዳው መሆን የለበትም። የድሮው ገመዳችን የሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፣ ከመሰካት በፊት መለካት ነው። እያንዳንዱ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ማየት ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ማንም ከማንም ጋር አለመነካካቱን ማየት ነው። ስምንት እግሮች ሁለት ሁለት ሲሆኑ 28 ጥንድ ይሆናሉ። ሃያ ስምንቱንም ለካን፤ ማይክሮፎኑን ለጊዜው ነጥለን፣ ገመዱን እያጠፍን እየዘረጋን። የሂሳብ ተማሪዎች 28 መሆኑን በወረቀት ታረጋግጣላችሁ፤ እኛ በጣታችን አረጋገጥነው።

ስድስተኛ፣ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ፣ በአንቴና ምትክ ኃይሉን የሚውጥ መሞከሪያ አገናኝቶ፣ በሌላ ራዲዮ የራስን ድምፅ ማዳመጥ ነው። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ብቻ ወደ አየር ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎኑን በአዲሱ ገመድ ሰካነው። መጀመሪያ ማን ይናገር የሚል ክርክር አልነበረም፤ ተቋርጦባት የነበረችው ትቀጥል አልን። እኅታችን አንሥታ ጠራች። ለሁለት ደቂቃ ያህል ከጩኸት በስተቀር ምንም አልተሰማም። ከዚያ ከናይሮቢ አንድ አማተር መለሰ። «5 እና 9 ናችሁ» አለ፤ ይህም ንግግራችሁ ይለያል፣ ጉልበታችሁም ጥሩ ነው ማለት ነው። እኛ ልንጨበጭብ ስንል ግን «ከበስተኋላ ጥቂት የሚያዛምር ድምፅ አለ፤ መመለሻ ሽቦዎቻችሁን እዩ» ብሎ ጨመረልን።

ስንከፍተው ልክ ነበር። እኔ 6 እና 7 ሁለቱም መመለሻ ስለ ሆኑ ምን ልዩነት አለው ብዬ፣ ሃያ ስምንቱ ከተለኩ በኋላ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አገናኝቻቸው ነበር። ፋብሪካው የለያያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የአዝራሩ መመለሻና የደካማው ድምፅ መመለሻ አንድ መንገድ ሲሄዱ ሁከቱ ወደ ድምፁ ይገባል። ለያየናቸው፤ ዜማውም ጠፋ። ከለኩ በኋላ አንድ ነገር የነካ ሰው እንደገና መለካት እንዳለበትም ተማርን።

ወገኖቼ፤ ንግግሬ ወደ መጨረሻው ደርሷል። ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ የገመድ ነጋዴ ለመሆን ፈልጌ አይደለም። ከዚህ ጥቂት ሜትር ገመድ የተማርሁት፣ በብዙ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየሁት ነገር ነበር፤ ነገር ግን በእጄ እስክይዘው ድረስ የኔ አልሆነም። ዕውቀቱ ነበረን። መመሪያው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ነበር። ቴስተሩም በመሳቢያው ውስጥ ነበር። የጎደለን ከመፍረድ በፊት አምስት ደቂቃ መለካት ብቻ ነበር። ያን አምስት ደቂቃ ባለመስጠታችን ራዲዮውን ልናቃጥል ተቃርበን ነበር፤ ያላጠፋችውንም ሰው አሳዘንን። ራዲዮ ቢቃጠል ይገዛል። «እኔ አልችልም» ብላ የሄደች ተማሪ ግን በየትኛው ተራ ትገኛለች?

ዛሬ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ደንብ አልተለጠፈም። በምስማሩ ቦታ ማይክሮፎኑ በራሱ ጀርባ የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ አለ። ከራዲዮውም አጠገብ አንድ ደብተር ተቀምጧል፤ የስምንቱ እግሮች ሥራ፣ የሽቦዎቹ ቀለም፣ የሠራናቸውም ስሕተቶች ተጽፈውበታል። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፈችው ቁጥሮቹን የጠየቀችው ልጅ ናት። እኛ ነባሮቹ ተመርቀን እንሄዳለን፤ የማናውቀውም ተማሪ መጥቶ ያንን ደብተር ይከፍታል። ገመዱ ያኔ አርጅቶ ይሆናል፤ ደብተሩ ካለ ግን ሌላ ይሠራል።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ አልጋ ሥር የተጣለ አሮጌ የኮምፒውተር ማሳያ ገመድ ካላችሁ፣ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ለኛ አምጡልን። የምንለውጣችሁ የላስቲክ ባልዲ የለንም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ካውያ እናስይዛችኋለን፤ ክዳኑን አስቀድማችሁ እንድታስገቡም እናስታውሳችኋለን።